ዓሣም ይበርደዋል

ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ይጠራል። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ሌሊት ግን ቁሩ አጥንት ድረስ ይገባል። ገበሬው ጥጃውን ወደ ቤት ያስገባል። ግልገሉን ወደ ምድጃው ያስጠጋል። ዶሮዋ ቆጥ ላይ ትወጣለች። ሰውም ጋቢውን ደርቦ እሳት ይሞቃል። ዓሣ ግን ጋቢ የለውም። ከኩሬው ወጥቶ ምድጃ ዳር ሊቀመጥም አይችልም። ስለዚህ በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ የሚያረባ ሰው፣ የብርዱን ወራት የሚያሳልፍበትን ዘዴ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አለዚያ የስንት ወር ድካም፣ ለልጆች ምግብ የታሰበው፣ ለገበያ የታሰበው ሁሉ፣ አንድ ቀን ጧት ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ውኃው ላይ ተንሳፎ ይገኛል።

ለማስተማር በወጣንበት ቀበሌ ይህን ትምህርት ስንጀምር አንድ ሽማግሌ፣ «እናንተ ልጆች፣ ውኃ ውስጥ ተፈጥሮ ውኃ ውስጥ የሚኖር ደግሞ ይበርደዋል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ የትምህርቱ ሁሉ ሥር እሱ ነው። «አዎ አባባ፣ ይበርደዋል፤ ያውም ከእኛ የባሰ» አልናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ሰው መተማ ቆላ ቢወርድ ወይም ደባርቅ ቢወጣ የገላው ሙቀት ያው 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። የበላው ምግብ ውስጥ ውስጡን ይነድና ያሞቀዋል። ዓሣ ግን እንዲህ ያለ ምድጃ በሰውነቱ ውስጥ የለውም። ውኃው 25 ዲግሪ ከሆነ ዓሣውም 25 ዲግሪ ነው። ውኃው ወደ 12 ዲግሪ ከወረደ የዓሣው ደም፣ ልቡም፣ ሆዱም አብረው ወደ 12 ይወርዳሉ። ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል። ጡንቻው ይደነዝዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆዱ የበላውን መፍጨት ያቅተዋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ብርዱን ሁሉም ዓሣ እኩል አይችለውም። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ቆሮሶን፣ አምባዛንና ነጭ ዓሣን ያውቃል። በኩሬ ለማርባት ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ቆሮሶ ነው። ምክንያቱም ቶሎ ይራባል፣ በፍሩሽካና በውኃ ውስጥ በሚበቅል አረንጓዴ ነገር ያድጋል፣ ሥጋውም ይጣፍጣል። ነገር ግን ቆሮሶ የሙቅ ውኃ ዓሣ ነው። የሚስማማው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ከ20 በታች ሲሆን እድገቱ ቀጥ ይላል። ወደ 16 ሲወርድ መብላት ይተዋል። ከ12 ወርዶ ከሰነበተ ይሞታል።

ታዲያ ኩሬያችሁ የት ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ጎርጎራ፣ ከጣና ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ከተማ፣ ማራኪንና አካባቢውን ጨምሮ፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ዳባት 2,600 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ እናስላ። ደባርቅ ከጎርጎራ በ1,000 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ደባርቅ ከጎርጎራ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። 6 ዲግሪ ለሰው አንድ ጋቢ ነው። ለቆሮሶ ግን የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። በእኛ አስተያየት በማራኪና በአዘዞ ጓሮ ቆሮሶ በጥንቃቄ ከተያዘ ብርዱን ያልፋል። ከዳባት ወደ ላይ ግን ቆሮሶ ማርባት ድካም ነው። ማንም መጥቶ «ይሆናል» ቢላችሁ፣ ኅዳርን ኩሬ ዳር አድሮ ያየ መሆኑን ጠይቁት።

ብርድን የሚችለው ዓሣ ካርፕ የሚባለው ነው። ካርፕ ከጣሊያን አገር መጥቶ አዲስ አበባ አጠገብ በአባ ሳሙኤል ግድብ ውኃ ውስጥ የተለቀቀ የውጭ ዓሣ ነው። ውኃው ከ10 ዲግሪ ሲወርድ መብላቱን ትቶ ጭቃው ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፤ አይሞትም። በአውሮፓና በእስያ ላዩ በረዶ በሆነ ኩሬ ውስጥ ክረምቱን ያሳልፋል። በጃፓን አገር፣ ኒጋታ በሚባለው ክፍለ አገር፣ በተራራ ላይ የሚኖሩ የሩዝ ገበሬዎች ለምግባቸው ካርፕ ያረቡ ነበር። አገራቸው በረዶ የሚከመርበት ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከዓሦቹ መካከል ቀይና ነጭ መልክ ያላቸው ሲወለዱ ገበሬዎቹ ለይተው አራቧቸው። እነዚህ ዓሦች ኮይ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1914 በቶኪዮ ከተማ በተደረገ ትልቅ ኤግዚቢሽን ከታዩ በኋላ ስማቸው ገነነ፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለጌጥ ይገዛሉ። የእነዚያ የተራራ ገበሬዎች ልማድ ግን ለእኛም ትምህርት ይሰጣል። በረዶው ከመድረሱ በፊት ዓሦቻቸውን ከተራራው ኩሬ ሰብስበው ወደ ቤት ያስገባሉ፤ በቤት ውስጥ ባለ ገንዳ ያከርሟቸዋል። ልክ እኛ ጥጃ እንደምናስገባው!

ይሁን እንጂ ካርፕ ብርድ ይችላል ብሎ ዝም ብሎ ማምጣት አይገባም። እዚህ ላይ ጠበቅ አድርገን እንናገራለን። የጎንደር ወንዞች፣ ቀሃም አንገረብም፣ ወደ መገጭ ይገባሉ። መገጭ ጣና ይገባል። በጣና ውስጥ በዓለም ላይ በሌላ በየትም ቦታ የማይገኙ፣ ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ ውኃ የሚያደፈርስ፣ የሌላውን ዕንቁላል የሚበላ ዓሣ ነው። አንድ ኩሬ በክረምት ጎርፍ ቢፈርስ ካርፑ ወንዝ ገባ፣ ወንዙም ሐይቅ አደረሰው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለቅሞ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ በጣና ተፋሰስ ውስጥ ያለ ሰው ከባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ሳይጠይቅ ካርፕ አያምጣ። የጣና ዓሣ አጥማጅ እንጀራው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ኩሬው እንግባ። የዓሣ ቤቱ ጥልቀት ነው። ጥልቀት የሌለው ኩሬ እንደ ምጣድ ነው፤ ቀን ቶሎ ይሞቃል፣ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጥልቅ ኩሬ ግን እንደ ወፍራም ግድግዳ ቤት ነው። ቀን የተቀበለውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። በመሆኑም ኩሬው በአንድ በኩል አንድ ሜትር ቢሆን፣ በሌላው በኩል አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር መውረድ አለበት። ዓሣው ሲበርደው ወደዚያ ይወርዳል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ ክልል ብዙ ገበሬዎች የዝናብ ውኃ ማሰባሰቢያ ኩሬ ቆፍረው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቆሻሻ ሞልቷቸው ቀርተዋል። ወለሉ ውኃ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ላስቲክ ከተነጠፈበት፣ እንዲህ ያለው ኩሬ ተጠርጎና ጠልቆ ለዓሣ ሊሆን ይችላል። ልጅ እንዳይገባበት ዙሪያውን ማጠር ግን ግዴታ ነው። ይህን ለመናገር እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ሰው እየዘነጋው ስለሆነ ነው።

ከኩሬው በነፋሱ በኩል አጥር ወይም ቁጥቋጦ ቢኖር መልካም ነው፤ ነፋስ የውኃውን ሙቀት ይዞበት ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ግን አጠገቡ አትትከሉ። ውኃውን ይመጥጣል፤ ቅጠሉም እየረገፈ ውኃውን ያበላሸዋል። ማታ ማታ ኩሬውን በላስቲክ ወይም ከአገዳ በተሠራ ክዳን በከፊል ሸፍኖ፣ ጧት ፀሐይ ሲወጣ መግለጥ ብርዱን ይቀንሳል። ጭድ በላዩ መበተን ግን አይገባም፤ ውኃ ውስጥ ወድቆ ይበሰብሳል።

ወደ ኩሬው የሚገባው ውኃም ነገር አለው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጧት ማልዳችሁ ውኃ ልትቀዱ ስትወርዱ ምንጭ ሲጤስ አይታችሁ ይሆናል። ጭሱ ምንድን ነው? ምንጩ ከመሬት ሆድ ስለሚወጣ ሙቀቱ ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም። አየሩ ከእሱ ይበልጥ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ይታያል። ወንዝ ግን ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ውስጥ ሲጓዝ ያድርና ጧት እጅ ያደነዝዛል። እንግዲህ ውኃ ከምንጭ የምታስገቡ ከሆነ በብርድ ወራት እድለኞች ናችሁ። ሌሊትም ቀስ እያለ ቢገባ ኩሬውን ያሞቀዋል። ነገር ግን ምንጭ ከመሬት ገና ሲወጣ በውስጡ አየር ጥቂት ነው። ስለዚህ በድንጋይ ላይ እየተንፏፏ፣ ከፍ ካለ ቦታ እየወደቀ እንዲገባ አድርጉ። ውኃው ከወንዝ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ማታ ዝጉት። ፀሐይ ካሞቀችው በኋላ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ከፍታችሁ፣ 10 ሰዓት ሳይሆን መልሳችሁ ዝጉ። ውኃን በቦይ መርቶ መክፈትና መዝጋት ለጎንደር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የአፄ ፋሲል መዋኛ በየዓመቱ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በሚመራ ውኃ ነው።

አሁን ልብ በሉት ወዳልነው ነገር መጥተናል። በብርድ ወራት ዓሣን ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ብርዱ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱ ደግነት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 10 ሜትር የሆነ ኩሬ አላቸው እንበል። 10 ሲባዛ በ10፣ 100 ካሬ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2 ቆሮሶ ቢያስገቡ 200 ዓሣ ይሆናል። አንዱ ዓሣ 100 ግራም ቢመዝን ሁሉም በአንድነት 20 ኪሎ ነው። ውኃው ሞቅ ሲል በቀን ከክብደታቸው ከመቶ ሦስት እጅ ያህል መኖ ይበቃቸዋል። ይህም 600 ግራም ፍሩሽካና ፋጉሎ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ዓሦቹ ወደ ላይ መምጣት ይቀንሳሉ። እትዬም «ልጆቼ ከሱብኝ፣ ብርዱ ጎዳቸው» ብለው 600ውን ወደ 1,000 ግራም ያሳድጉታል። የጠላ አተላም ይጨምሩበታል። ሰው ሲበርደው ይበላል፤ በላብ በወዙ ያሳደገውን ከብት ደግሞ ማን ያስርባል? አሳባቸው የእናት አሳብ ነው። ዓሦቹ ግን ሆዳቸው ቀዝቅዟል፤ አይበሉም። ጥቂት ቢውጡም ሆዳቸው ውስጥ ሳይፈጭ ይበላሻል። የቀረው መኖ ወለሉ ላይ ይከመርና ይበሰብሳል። ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይበላል። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ምንም አይታይም። አንድ ቀን ንጋት ላይ 200ውም ላይ በላይ ይሆናሉ።

ስለዚህ ትክክለኛው አመጋገብ የሚከተለው ነው። የቆሮሶ ኩሬ ከ20 ዲግሪ ሲወርድ መኖውን ከመቶ አንድ እጅ አድርጉት። በምሳሌያችን 200 ግራም ማለት ነው። 16 ዲግሪ ሲደርስ ጨርሶ ተዉት። ካርፕ ከሆነ ከ10 ዲግሪ በታች ምንም አይሰጠው። ዓሣው በራብ ይሞታል ብላችሁ አትፍሩ። ሰውነቱ ስለቀዘቀዘ የሚያወጣው ጉልበት ጥቂት ነው፤ በበጋና በክረምት ያጠራቀመው ስብ ይበቃዋል። የምትሰጡት ካለም በጧት አይሁን። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት፣ ውኃው በሞቀበት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጣሉ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ካልበሉት ነገ ቀንሱ። እበትና የዶሮ ኩስም ውኃውን ለማዳበር በሞቃት ጊዜ ይጠቅማል። በብርድ ወራት ግን አታስገቡ። አተላ ለበሬ ይሁን።

ሙቀት መለኪያ፣ ቴርሞሜትር የሚባለው፣ ቢገኝ በገመድ አስሮ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ማውረድና ጧት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ማንበብ ነው። አሁን ቁጥር ማንበብ ስለቻላችሁ ይህ አያስቸግራችሁም። ከመዝገብ ላይ በየቀኑ ብትጽፉት ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ከማንም ባለሙያ የበለጠ አስተማሪ ይሆናችኋል። ምክንያቱም የእናንተን ኩሬ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው።

ዓሣ የሚተነፍሰው በጆሮው አካባቢ ባሉት ቀያይ ማበጠሪያ መሰል ነገሮች ነው። እነሱም ስንጥብ ይባላሉ። በውኃው ውስጥ የተሟሟውን አየር በእነሱ ይስባል። ቀን ፀሐይ ሳለች ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ጥቃቅን ዕፅዋት፣ ማለትም ዋቅላሚዎች፣ አየሩን ይሠራሉ። ሌሊት ግን እነሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሱታል። ስለዚህ አየሩ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። በማለዳ ኩሬውን ብታዩና ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አድርገው ቢያለከልኩ፣ ተርበው አይደለም፤ ታፍነው ነው። መኖ የሚወረውርላቸው ሰው አለ፤ አደራ! ንጹሕ ውኃ ልቀቁበት። የሚለቀቅ ከሌለ ከራሱ ከኩሬው በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው እያፈሰሱ አየር ያስገቡበት። ቤተሰቡ ሁሉ ተራ በተራ ይሥራ፤ ፀሐይ እስክትወጣ ነው።

ይህ በክረምትም ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ቀኑን ሙሉ ሲዳምን ዋቅላሚው አየር አይሠራም። ድንገት በረዶ ሲጥል ደግሞ ቀዝቃዛው ውኃ ከላይ ወደ ታች ይሰምጥና ከወለሉ የተበላሸውን ውኃ ያነሣዋል። የክረምት መድኃኒቱ በኩሬው ዙሪያ ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ መቆፈርና በደመና ቀን መኖ መቀነስ ነው። በስሜን ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ በብርድ ሌሊት የኩሬው ላይ ስስ በረዶ ሊያበጅ ይችላል። በዱላ አትምቱት፤ ድምፁ በውኃው ውስጥ ያለውን ዓሣ ያስደነግጠዋል። ፀሐይ ታቀልጠዋለች።

ሌላው ነገር ዓሣውን በብርድ አለመንካት ነው። የዓሣ ገላ የተሸፈነው በልጋግ ነው። ልጋጉ ቆዳው ነው፣ ልብሱም ነው። በመረብ ሲጎተት ይገፈፋል። በሙቀት ጊዜ ቶሎ ይተካል፤ በብርድ ግን ቁስሉ አይሽርም፤ በላዩ ነጭ ባዘቶ የመሰለ ሻጋታ ይበቅልበታል። እንዲህ ያለ ዓሣ ካያችሁ ለይታችሁ አውጡት። በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ልክ ውኃ 200 ግራም ጨው አሟሙታችሁ ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ንከሩት። ከመሐል በጎኑ ከወደቀ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ ውኃ መልሱት። የሞተውን ዓሣ በየቀኑ እየለቀማችሁ ቅበሩ። የደነዘዘ ዓሣ ለወፍም ይመቻልና በኩሬው ላይ ሲባጎ ወዲያና ወዲህ ወጥሩበት።

ቢቻል ግን ትልልቁን ዓሣ ለብርዱ አለማድረስ ይሻላል። ጫጩቱን ከባሕር ዳር ወይም ከሌላ ሞቃት ቦታ የምታመጡ ከሆነ መጋቢት ላይ አስገቡት። የመጣበትን ውኃ ከኩሬው ውኃ ጋር ቀስ በቀስ ለግማሽ ሰዓት ያህል እያደባለቃችሁ ልቀቁት። በአንድ ጊዜ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ መጣል ይገድለዋል። ከመጋቢት እስከ ኅዳር ከ8 ወር በላይ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ጾም የያዘ ሁሉ ዓሣ ይበላል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። ስለዚህ ኅዳር ሲጠባ፣ ብርዱ ሳይጠና፣ በሞቃት ቀን እኩለ ቀን ላይ ትልልቁን አውጥታችሁ ሽጡ፣ ብሉ። ለዘር የሚሆነውን ጥቂት ብቻ በጥልቁ ኩሬ አስቀሩ። ዓሣው ሲያንስ ለቀሩት አየሩም ይበረክታል።

የካቲት አጋማሽ ላይ ሌሊቱ እየለዘበ ሲሄድ ዓሦቹ ከጥልቁ ይወጣሉ። ያን ጊዜም አትቸኩሉ። ከ20 ዲግሪ በላይ ለአንድ ሳምንት መቆየቱን ከመዝገባችሁ አይታችሁ፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ ፍሩሽካ ብቻ ጣሉ። ከበሉት በማግሥቱ ሁለት እፍኝ አድርጉት።